ትልም ሲያይ የሚነሣ እግር

ይማምዬ፣ አላህ ቀብርህን ያብራልህ። ከተለያየን ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ሦስተኛውም እየደረሰ ነው። እኔ ሚስትህ ደህና ነኝ። አፌም እንዳለ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል።

ቤታችን ሰላም ነው። እዚህ ቆቦ የጉድጓድ ውሃ ማሳችን ድረስ መጥቶ፣ ልጅህ ሰኢድ ሽንኩርት ተክሏል። ብታየው ማሽላ የበላንበትን መሬት ለሽንኩርት ሰጣችሁት ብለህ ትቆጣ ነበር፤ ወጡን ስትቀምስ ግን ጨምሪልኝ ትላለህ።

ያቺን ቀን ላንሳት። ወንድሜ ዋጃ ከተማ ሞቶ ለቅሶ ልንደርስ ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል። አንተ በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ እግርህ አልነሣ አለ። ብጎትትህም ብለምንህም ወይ ፍንክች። ትቼህ ሄድኩ፤ ዘመዶቼም ናቀን ብለው አዘኑብህ። በማግስቱ ስመለስ የታረሰው ማሳ ላይ ትልም በትልም እየተሻገርክ ትራመዳለህ! ደሜ ፈላ። አስመሳይ አልኩህ፣ ያውም ልጆቻችን ፊት። አንተ መሬት መሬት አየህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ኋላ ለሕክምና ደሴ ስንሄድ ሐኪሟ ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል ሕመም ነው አለችን። ሰው ሳያስብ የሚራመድበት የአንጎል መስመር ሲታወክ እግር ይያዛል አለች። ዓይን የሚሻገሩት ነገር ሲያገኝ ግን አንጎል በሌላ መስመር ዞሮ ያስኬዳል፤ አስፋልቱ ሲዘጋ ሚኒባስ በማሳ በኩል እንደሚዞረው። ለካ አላስመሰልክም። እዚያው አለቀስኩ።

ባዘዘችልህ ክኒን ሰውነትህ ተፍታታ፣ ፊትህም መሳቅ ጀመረ። በሩ ግን አልፎ አልፎ ይይዝህ ነበር። ስለዚህ ከበሩ እስከ አጥሩ የማሽላ አገዳ በአግድም እደረድርልህ ጀመር፤ አንተም አንድ በአንድ እየተሻገርክ ትወጣለህ። ላሟ ትበላዋለች፣ እኔ በማግስቱ እንደገና እደረድራለሁ። በስተርጅና ሙሽራ አደረግሽኝ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዋጃም ሄደህ፣ ዘግይተህም ቢሆን፣ ለቅሶ ደረስክ። ደስ የሚሉ ዓመታት ነበሩ።

ግን አፉ በለኝ ሳልልህ ሄድክ። ለሌላው ሁሉ የሚፈጥነው አፌ ለዚህ እምቢ አለኝ። ይኸው አሁን አልኩህ፤ አፉ በለኝ።

ባለፈው ሐሙስ የአክስቴ ልጅ ከሮቢት ደወለች። ባሏ በር ላይ እየተገተረ፣ ማሳ ላይ ግን እንደ ጎረምሳ እንደሚራመድ በንዴት ነገረችኝ። ያኔውኑ ሄድኩ። ያንተን ታሪክ ነገርኳት፣ አብረን አገዳ ደረደርን፣ ሐኪም ዘንድም ልትወስደው ተስማማች። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ እግሩ የተያዘ ሰው ባለበት ሁሉ ስምህን አነሣለሁ።

እኔ አንተን ያልኩህን ያንን ክፉ ቃል ገና አላለችውም ነበር፣ ይማምዬ። ደረስኩ።

ያንተዋ ዘሀራ