የአሳ ክር የመረጡልኝ ሰዎች

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሱቅ አርፍጄ ከፈትኩ። ሁለት ሬዲዮ ጠገንኩ፤ አንዱ ውስጥ በረሮ ጎጆ ሠርታ ነበር።

ከሰዓት ሰብሊ ከቡሬ መጣች። የእህቴ የእናኑ ልጅ፤ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። በፌስታል የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛለች። ፈታሁት... የአሳ ዘንግ፣ ከነማጠንጠኛው። እጀታውን ሲያዞሩት እየተሽከረከረ ክር የሚሰበስብ፣ ዘመናዊ። መንገድ ሠሪዎች ሲሄዱ ሲሸጡት አግኝታ፣ ለእርስዎ ብዬ ገዛሁት አለች።

ለእኔ? ምን ስላደረግሁ? አምና ያመጣችልኝ ካልሲ ነው፤ እሱም የሴት። ከካልሲ ተነስቶ ዘንግ... መሀል ላይ አንድ ነገር አለ።

ክር ግን የለውም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ቢያዝንን አማከርኩ። ጎረቤቴ ነው፤ ድሮ ጣና ላይ አሳ ያጠምድ ነበር። ክሩ ሁለት ዓይነት ነው አለ። አንዱ ናይለን፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ሲስቡት ይለጠጣል። ሌላው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፤ ቀጭን ሆኖ ብርቱ፣ አይለጠጥም። አሳው ገና ሲያሸተው እጅ ላይ ይሰማል።

"ለአንተ ለተጠራጣሪው የተጎነጎነው ነው" አለኝ። ሳቅሁ።

ማጠንጠኛው ላይ ቁጥር አለ፤ 0.25፣ ከጎኑ 200። የሚይዘው ክር ውፍረትና ርዝመት መሆን አለበት። ማን አስተማረኝ? ማንም። ሬዲዮውንስ ማን አስተማረኝ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ክር ክር ነው ብዬ የእህል ነጋዴዎቹን የጆንያ መስፊያ ጠቀለልኩበት። ላህ ወንዝ ወረድኩ። ክሩ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ዘንጉ ላይ ያሉት ቀለበቶች ውስጥ ተወትፎ ቀረ። አሽቀንጥሬ ስወረውር መንጠቆው እግሬ ሥር ወደቀ። ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ... እጥበቱን ትተው ያዩኝ ጀመር።

ማታ ለእናኑ ነገርኳት። ስለ አሳ ሳወራ ሰምታኝ አታውቅም። ዛሬ "ታዲያ ቶሎ ደህናውን ክር አትገዛም?" አለች።

ቶሎ? ለምን ቶሎ?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሰብሊ እንደገና መጣች። ሁለት ጥቅል ክር ይዛ፤ ወፍራም ናይለንና የተጎነጎነ። ወፍራሙ ማጠንጠኛው ላይ አልተኛ ብሎ እየዘለለ ሊፈታ ይችላል፣ ግን ለጊዜው ይሆናል አለችኝ።

የምን ጊዜ? መርፌ የምትወጋ ልጅ ስለ ክር ውፍረት ታስተምረኛለች! ማን ነገረሽ ስላት "አንድ ሰው" ብላ አንገቷን ሰበረች።

አንድ ሰው...

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሱቁን ዘግቼ ሁለቱንም ፈተንኩ። ወፍራሙ እንዳለችው ነው። እንደ አልጋ ሽቦ ተጠቅልሎ ዘለለ፤ ከወንበሩ እግር ለማላቀቅ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። የተጎነጎነውን ጠቅልዬ ስስበው ጥቅልሉ በሙሉ ባዶውን ዞረ። ማጠንጠኛው ተበላሸ ብዬ ብሎኑን ሁሉ ፈታሁ። ደህና ነው። ክሩ ነው የሚንሸራተት። ከሥሩ ትንሽ ናይለን ሳስቀድምለት ቆመ።

ግን የላህን ድንጋይ አምጥቼ ብፈትገው ጊዜ ጸጉር አወጣና ተበጠሰ። የእኛ ወንዝ ድንጋያም ነው። ለእኛ የሚሆነው ናይለን ነው፤ ያውም ቀጭኑ። እሱ ደግሞ የለኝም።

እናኑ በበሩ ብቅ እያለች "ተገኘ?" ትላለች። እሷም ትቸኩላለች...

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አንድ ብሎን ላጠብቅ መፍቻ ባነሳ እናኑ ከእጄ ነጠቀችኝ። "በሰንበት?" እንደ ልማዷ ነው።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እራት ላይ እናኑ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዝናቡ ቆሟል፣ ላህ ጠርቷል፣ ኅዳር ሰባት እሑድ ወርደህ ሞክረው እንጂ አለች።

እሑድ! መፍቻ በሰንበት የማታስነካኝ እህቴ፣ ከቅዳሴ መልስ ወንዝ ሂድ ትለኛለች።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ቢያዝን ቀጭን ናይለን አመጣልኝ። በነጻ። ቢያዝን ክብሪት እንኳ ሲያውሰኝ እንጨቱን እንድመልስ የሚፈልግ ሰው ነው። በሩን ዘጋሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየም።

እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ለሰብሊ። ልጁ ይታገሱ ይባላል፣ የደምበጫ ልጅ፣ ቡሬ መምህር ነው። "አንድ ሰው" ማለት እሱ ነው፤ አሳ ይወዳል።

"አንተ እንዳትኖር ነው" አለ ቢያዝን። "የሊበኖቹን ረሳህ?"

አልረሳሁም። ካቻምና ለሰብሊ ከሊበን ሦስት ሽማግሌ መጣ። እንደ ወጉ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ደግሞ "ግድ የለም ቁሙ፣ ወንበራችንም ትንሽ ይረፍ" አልኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።

አሁን ዘንጉ ገባኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ኮቴን አውጥቼ አራገፍኩ። ቁጭ ብዬ ብጠብቃቸውስ? ከሁሉ ቀድሜ፣ በሩ ላይ? የእናኑን ፊት በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማታ ሰብሊ ገባች። "አጎቴ፣ ክሩ ተስማማዎት?" እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ይህችን ልጅ ያሳደግኋት ትከሻዬ ላይ ነው። እኔን እንዲህ ፈራችኝ?

"ተስማማኝ" አልኳት። ኮቱን መለስኩት።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ላህ። ናይለኑን ከማጠንጠኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሞልቼዋለሁ፤ ቋጠሮውን በምራቅ አርሼ አጥብቄዋለሁ። ስወረውረው ማዶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ወርውሬ አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ያዘ። ከባድ ነው፤ አምባዛ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ድንጋዩ ሲሸሽ ክሩ ተለጠጠ፣ አልተበጠሰም። ያን ጊዜ ባጃጅ ሰማሁ። ሰብሊ ናት፤ በነጠላ ጫማ ቁልቁለቱን ትሮጣለች። ጓዳ ተደብቃ መቀመጥ ያለባት ልጅ!

"አጎቴ፣ ሰባት ቤት የሚቆጥርልን ጠፋ።"

የአባቷ ወገን ተቆጥሯል። በእናቷ በኩል እናኑ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ዝምድና እንደሌለ ካልተቆጠረ ሽማግሌዎቹ ቃል አይቀበሉም፤ ሊሄዱ ተነስተዋል። አባታችን ዘሩን ያስጠናው እኔን ብቻ ነው። ይህን ሳያስቡ ቆጣሪውን ወንዝ ላኩት።

"ለምን ላካችሁኝ?" አልኳት። ከአፏ ልስማው ብዬ።

"ስለምፈራዎት" አለች። "እሱን እወደዋለሁ።"

አሳው እየጎተተኝ ነው። ቢላ አወጣሁና ክሩን ቆረጥኩት።

ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ እንደራሰ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ወንበሮቹን አየኋቸው... የካቻምናውን ቀልድ ግን አልደገምኩም። ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። የእኛን አንድ፣ የእነሱን አንድ። ስድስተኛው ላይ እኔ "እሸቴ" አልኩ። የደምበጫው ሽማግሌም "እሸቴ" አሉ።

አንድ ሰው ከሆነ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። እናኑ ደረቷን ያዘች። የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። የእኛ እሸቴ የቋሪት ሰው እንደሆነ፣ አባቱም ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ነው። ግን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ራሴን ይዤ ትንሽ ባቃስት... ዕድሜ ልክ የሚወራ ቀልድ ነበር። ምላሴ ላይ መጣ፤ ጣፈጠኝም።

"የእኛው እሸቴ የቢረሳው ልጅ ነው፤ ቋሪት ገበዝ ማርያም ነው የተቀበረው። የእናንተውስ?" አልኩ ወዲያው።

"እሸቴ አድማሱ። ከደምበጫ ወጥቶ አያውቅም" አሉ ሽማግሌው። ተነፈሱ። ሰባተኛውንም ቆጠርን። ተቀመጡ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ።

ሰብሊ ዛሬ ሱቅ መጣች። ምንም አልያዘችም፤ ደጋግሜ እጇን አየሁ። እሸቴ ሲባል ምን አስበው ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

"ዋሹ። መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።" ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። "የሠርጉ ቀን ግን ዝም እንዳይሉብኝ፣ አጎቴ።"

ከሄደች በኋላ ከልመናዋ ጀርባ ምን አለ ብዬ አሰብኩ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

የሠርጉ ቀን ዝም አልልም፤ ከእንግዲህ የሚጠራጠር ካለ፣ ይታገሱ ቢጠራጠር ይሻለዋል።