በአዳራሻችን ስለ ተቀመጠው አፈርሳታ ለሕግ ትምህርት ቤታችን ዲን

ግንቦት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክቡር ዲን ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ እንደ ተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ሚያዝያ እኛን ተማሪዎችዎን አዳራሽ ውስጥ ቆልፈው ከጧት እስከ ማታ ሲጮኹብን ስለዋሉ፣ ሳያምዎ አይቀርም ብለን ስንጨነቅ ሰንብተናል። እኔ ከስማዳ በደኅና ተመልሻለሁ። የሄድኩበትን ምክንያትና የደረሰብንን በደል ከዚህ በታች በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ ነገርን እንዲህ ማቅረብ ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና ምስጋናው የእርስዎ ነው።

፩ኛ/ የተማሪዎች መጽሔታችን «ችሎት» በመጋቢት ወር አንዲት አጭር ጽሑፍ ያለ ጸሐፊ ስም አወጣች። ጽሑፏ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ በተማሪ ላይ በሚፈርደው የሥነ ሥርዓት ጉባኤ ሁለት የተማሪ ተወካዮች ይቀመጣሉ ብሎ የትምህርት ቤቱ ደንብ ሲያዝ፣ ወንበሮቹ ለምን ባዶ ሆኑ የሚል። እርስዎ ለጥያቄው በመልስ ፈንታ ቁልፍ አመጡለት። ስለ ቁልፉ ጥንካሬ ልናመሰግንዎ እንወዳለን፤ የቤተ መጻሕፍታችን በር እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ ያን ያህል መጽሐፍ ባልጠፋብን ነበር።

፪ኛ/ የጸሐፊው ስም እስኪነገር ማንም አይወጣም ማለትዎን ስንሰማ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ልጆች እርስ በርስ ተያየን። ነገሩን እናውቀዋለን። በአገራችን ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲዘረፍ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ይህም አፈርሳታ ይባላል። እርስዎ ራስዎ በሁለተኛው ዓመት ስለዚሁ ልማድ ሲያስተምሩን፣ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር የሚያጉር፣ የሠለጠነ ሕግ የማይቀበለው የባላገር ኋላ ቀርነት መሆኑን ነግረውን ነበር። እኔም ይህንኑ በፈተና ላይ ደግሜ ጽፌ ጥሩ ውጤት ሰጥተውኛል።

ኋላ ቀር መሆን ካልቀረ ግን ሥርዓቱን ቢጠብቁልን ምን ነበረበት? በእኛ አገር ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው የተሰበሰበው ሕዝብ ነው። የሚያስምል ቄስ ይጠራል። የታመመ ሰውና የምታጠባ እናት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሬው የጠፋበት ሰው ራሱ ሽማግሌ፣ ራሱ ፈራጅ ሆኖ ሲቀመጥማ ጋይንት ውስጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዉ ስቆበት ይበተናል። እርስዎ ግን ሁሉንም ብቻዎን ያዙት። የእስቴው ልጅ ደሴ ወባ ተነሥቶበት ሲንቀጠቀጥ ውሃ እንኳ እንዳይገባለት ከለከሉ። ይህን በትሕትና ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ጭካኔ ነው።

፫ኛ/ ሊመሽ ሲል የመጽሔቷ አዘጋጅ፣ የስማዳው ሙላው ክንዴ ተነሣና «ጸሐፊውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ላልናገር ቃል ሰጥቻለሁ። የታመመ ሰው አለና ሌሎቹን ይልቀቁ» አለ። እኛን ለቀው በማግሥቱ እሱን አባረሩት። የፈረደበት ጉባኤ ሲቀመጥ እነዚያ ሁለት ወንበሮች እንደ ልማዳቸው ባዶ ነበሩ። የመረጥነው የተማሪዎች ምክር ቤት ይህን ቢቃወም እሱንም በትነው፣ ለእርስዎ ሐሳብ እጅ የሚያወጡ አባላት ሾሙልን። ከምርጫ ድካም ስላሳረፉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፬ኛ/ ሙላው ብቻውን ሲሄድ ማየት ስላላስቻለኝ እስከ ስማዳ ሸኘሁት። ከደብረ ታቦር ወዲያ በእግራችን ነበር። አባቱ አያ ክንዴ እርሻ ላይ ነበሩና ጥማዱን አቁመው መጡ። ነገሩን ማስረዳት የእኔ ፈንታ ሆነ። ስለ መጽሔቱም፣ ስለ ደንቡም፣ ስለ ጉባኤውም ብዙ ተናገርኩ። እሳቸው ከዚያ ሁሉ የገባቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሁላችንም አፈርሳታ መቀመጣችን፣ ከመካከላችንም የእሳቸው ልጅ ብቻ ተለይቶ መውጣቱ። ቀስ ብለው፣

«ምን ሰርቆ ነው?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በስማዳ ሰው ስለ ጽሑፍ አፈርሳታ አይቀመጥም። ወሬው ከእኔ ማስረዳት ቀድሞ አገሩን አዳረሰው። ጎረቤታቸው ደጅ የምታድር በቅሎውን ወደ ቤት አስገባት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙላው እጁን ሲዘረጋ ሰዎች ያላዩ መስለው አለፉት፤ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ማርያምም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው በጓሮው መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሰው ገለባ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በተወለደበት ቀበሌ ሌባ ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። እኔም ስለዚህ ነገር በእርስዎ ላይ ያለኝ ቁጣ እንዲህ በቀላሉ የሚበርድ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ሙላው ከሰኔው ፈተና በፊት ወደ ትምህርቱ ይመለስ። ልጁ አንዳች እንዳልሰረቀ የሚገልጽ፣ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ጽሑፍም ለደብሩ አለቃ ተልኮ ሕዝቡ ባለበት ይነበብ። የመረጥነው ምክር ቤትም ወደ ቦታው ይመለስ።

ይህ ባይሆን፣ ከልማዳችን ሊያስተምሩን የዘነጉትን አንድ ነገር እናስታውስዎ። አፈርሳታ ተቀምጦ የተፈለገው ሰው ሳይወጣ ከቀረ ዕዳው በአንድ ሰው ላይ አይጫንም፤ አገሬው በሙሉ እኩል ይከፍለዋል። እርስዎ የፈለጉት ጸሐፊም አልወጣም። ስለዚህ እኛ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በስማዳ የሆነውን ሰምተን ትናንት ተሰብስበን፣ የሙላውን ቅጣት እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። በፈተናው ዕለት አዳራሹን በሰፊው ይክፈቱት፤ ሁላችንም በሩ ላይ እንቀመጣለን፤ አንድም ሰው አይገባም።

ረጅም ዕድሜና መልካም ማስተዋል እንዲሰጥዎ የምመኝልዎ፣ ያስተማሩኝን አምኜ በመቀበሌ ለዚህ የበቃሁ ታዛዥ ተማሪዎ፣

እሸቴ ጓዴ
ከታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ

ተጨማሪ፦ የጸሐፊው ስም የሌለበትን ጽሑፍ አጥብቀው እንደሚጠሉ ተረድተናል። ስለዚህ ሙላውን ያባረሩበትን ውሳኔ ቃል በቃል አባዝተን ዛሬ በየግድግዳው ስንለጥፍ፣ የጸሐፊውን ሙሉ ስም ከነማዕረጉ በትልቁ ጽፈንበታል።