አምባዛው ኩሬ ገባ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ሎጊያ

አምባዛችን ዛሬ ከካፌያችን የመስታወት ገንዳ ወጣ። ከማደጉ የተነሳ መዞር አቅቶት ጭራው ተልጦ ነበር። እኔና ባለቤቴ ዘሃራ በፕላስቲክ በርሜል አድርገን፣ በባጃጅ ወደ አትክልት እርሻው ኩሬ ወሰድነው።

የኩሬው ጠባቂ፣ አፋሩ ሽማግሌ፣ «እኛ ዓሣ አንበላም፤ አታስብ ልጄ» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ዘሃራ ግን ቀስ ብላ፣ «ነገ የክርስቲያኖቹ ጾም ይገባል። ሥጋ የተዉት የቢሮ ሰዎች መንጠቆ ይዘው የሚመጡት እዚህ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

አምባዛው ስንለቀው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ዳቦ ስሰጠው መስታወቱን እንደማንኳኳለት፣ ለስንብት ያህል ባዶውን በርሜል በቀለበቴ ሦስቴ መታሁት። ወዲያው ዳር ድረስ መጥቶ አፉን ከፈተ።

ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።