ስለ ግራ እግርሽ

ለታላቅ እህቴ፣ በእጅሽ ይግባ።

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ? የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ መዋሉን ትንሽ እንኳ ቀነስሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "የት አደረጋችሁት?" እያሉ ቤቱን ማመሱን እንዳልተዉ እገምታለሁ። እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፈር ብያለሁ። ይኼን ስትሰሚ "እሰይ!" እንደምትዪ ስለማውቅ ነው ከሁሉ ያስቀደምኩት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ማኅበራችሁ ከዚያ ሁሉ ልብስ ሰፊ መካከል አንቺን መርጦ፣ አዲስ በተከፈተው ማሠልጠኛ ለስድስት ወር እንድታስተምሪ ወደ ሌላ ከተማ ሊልክሽ መሆኑን ሳነብ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮህኩ። ጎረቤቴ "ምን ሆነሽ ነው?" ብላ በሩን አንኳኳች። ደስታዬን ሳልጨርስ ገጹን ገለበጥኩ። "ግን ያ እግሬ ደግሞ መጎተት ጀምሯል" ትያለሽ። "አንቺ አሁን ከሐኪሞች ጋር ነሽና የሚዋጥ ነገር ካለ ጠይቂልኝ። ከሌለም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

የሚዋጥ ነገር የለም፣ እትዬ። የምነግርሽ ነገር ግን አለኝ። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ እሱን እንዴት እንደምጽፍልሽ ማሰብ ነው።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቴ ልንገርሽ። ሰው ሲጠይቅሽ "እህቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በ... በእንትን ነው" እያልሽ እንደምትቸገሪ አባባ በስልክ ነግረውኛል። የምማረው ሐሳብና አካል አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚያሳምም፣ እንዴትም እንደሚያድን ነው። ክፍላችን የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በስተቀኝ የነርቭ ሕክምና፣ በስተግራ የአእምሮ ሕክምና፣ እኛ መሀል ኮሪደሩ ላይ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ተጣብበን አለን። የነርቭ ሐኪሞቹ "ይኼ የእኛ አይደለም" ብለው ወደ ግራ ይልካሉ። የአእምሮ ሐኪሞቹ "ኧረ የእኛም አይደለም" ብለው ወደ ቀኝ ይመልሳሉ። በሽተኛው ሲመላለስ ጫማውን ከጨረሰ በኋላ የእኛን በር ያንኳኳል።

አማካሪዬ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ናቸው። ተማሪው ሁሉ "ቀስ በሉ" ነው የሚላቸው፤ በሽተኛ ልንነካ ስንልም፣ ወረቀት ልናስረክብ ስንልም፣ ደረጃ ስንወርድም የሚሉን እሱን ስለሆነ። የመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን ጠመኔ ሰጥተው፣ "ሰው ሲከፋው፣ ሲደነግጥ፣ ሲያዝን ምን ይላል? ሰሌዳው ላይ ጻፉ" አሉን። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሰሌዳው ሞላ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩትና፣ "ሰው አፉን ከፈታ ጀምሮ ይኼን ያህል ካወቀ፣ እኛ ሐኪሞቹ ምን ነክቶን ነው የረሳነው?" አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን አጠገቤ የቆመችው፣ ነርስ የነበረችው የክፍል ጓደኛዬ የጻፈችው ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። "እግሬ ተሳሰረ" ይላል።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ መጣ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ነጭ ቀለም ታጥቦ የማይለቅ፣ ቀልደኛ። ሥራ ላይ ሳለ ከመሰላል ሁለት እርከን ተንሸራቶ ወድቋል። ጉልበቱ ትንሽ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ግን ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ራጅ ተነሣ፣ ትልቁ ማሽን ውስጥም ገባ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው። ሦስት ሐኪም በየተራ "ምንም የለብህም" ብሎ ሸኝቶታል። እኛ ዘንድ ሲገባ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ "ውሸታም ልትሉኝ ከሆነ አትድከሙ። እሱን ሚስቴ ቤት ውስጥ ትለኛለች" አለን።

አማካሪዬ ቀስ በሉ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙት። መዳፋቸውን ከቀኝ ተረከዙ ሥር አስገብተው፣ "ወደ ታች ይጫኑኝ" አሉት። ሰውዬው ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። እግሩ ቅንጣት ታህል አልተጫነም። "ግድ የለም፣ እሱን ይተዉት። አሁን ግራውን ወደ ላይ ያንሡ" አሉና ግራውን በሌላ እጃቸው ይዘው ከለከሉት። እሱ ግራውን ለማንሣት ሲታገል፣ ያ አልቆለታል የተባለው ቀኝ እግር ወደ ታች ተጫነ። መዳፋቸው ፍራሹ ውስጥ ሲሰምጥ አየሁት።

አሁን "ያዝንህ!" ሊሉት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የሰውዬውን የራሱን እጅ አንሥተው ጭኑ ሥር አስገቡለትና፣ "እስኪ እንደገና ግራውን ያንሡ። ቀኙ ምን እንደሚያደርግ በራስዎ እጅ ይዩት" አሉት። ጡንቻው ሲጠነክር ተሰማው። ከዚያ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶ፣ "ታዲያ እውነትም እየዋሸሁ ነው ማለት ነው?" አለ።

"በፍጹም" አሉት። "እግርዎ ጤነኛ ነው፣ ነርቩም ጤነኛ ነው። ሐሳብዎን እሱ ላይ አድርገው ሲያዙት ትእዛዙ ይጠፋል። ሐሳብዎ ሌላ ነገር ላይ ሲሆን ግን ይደርሳል። ይኼ በሽታ ነው። ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። ይኼን ያሳየሁዎት ሊድን እንደሚችል እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።"

ሰውዬው አለቀሰ። እኔም እንባ መጥረጊያ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

ወዴት እንደምሄድ ገብቶሻል፣ እትዬ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔና አንቺ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ዛሬ ላንሣው። ብትቆጪም ተቆጪ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ ስምንት። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ መግቢያ ፈተና አልፈሽ፣ ልትሄጂ በተባለበት ጠዋት ግራ እግርሽ ከአልጋው አልነሣ አለ። ሐኪሙ ሁላችንም ባለንበት "ምንም የለባትም" ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። ጎረቤቱ ግማሹ አዘነልሽ፣ ግማሹ "ፈርታ ነው እንጂ!" አለ። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። አንድ ዝንብ ግራ እግርሽ ላይ አረፈ። እግርሽን ሰብሰብ አደረግሽው። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እየሮጥኩ ወጥቼ፣ አባባ ደጅ ላይ ከሰው ጋር ቆመው ሲያወሩ፣ "የእትዬ እግር ይሠራል! ተንቀሳቀሰ! አየሁት!" ብዬ ጮህኩ። የምሥራች ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሏቸው የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ አልመቱሽም፣ አልተቆጡሽም። ዝም አሉሽ። ስንት ወር ዝም አሉሽ? የማሠልጠኛው ቦታሽ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዓመቱ እያነከስሽ ተነሣሽና ስፌት ተማርሽ። እኔን አንድ ቀን እንኳ በክፉ ዓይን አላየሽኝም። ያን ዓመት እንኳ ክራንች ተደግፈሽ ደጃፍ ድረስ ወጥተሽ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኚኝ። ብትመቺኝ ይቀለኝ ነበር።

ቀስ በሉ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። የማን ታሪክ እንደሆነ ሳልናገር ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ፣ "ለቤተሰቡ የተናገረው ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ዘጠኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሐኪሙ ያላየውን አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ አይተሻል። ያየሽው እውነት ነው፣ ምሥራችም ነበር። የጠፋው ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳችሁ ሰው ነው" አሉኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው "በይ ቀስ ብለሽ ፊትሽን ታጠቢ" ብለውኝ ሄዱ።

ቀለም ቀቢው እንዴት ሆነ ትዪኝ ይሆናል። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ያቃተው ሰውዬ ወደ ኋላ ሲራመድ ምንም አልሆነም! እሱ ራሱ ማመን አቅቶት፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር በጀርባው ሲመላለስ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ታቅፋ ሸሸች። ድሮ የስፖርት መምህር የነበረው የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ዘዴ ፈጠረለት። ጎን ለጎን እየሄደ "ለሳሎን ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?" ብሎ ይጠይቀዋል። እሱ ስለ ቀለም ሲከራከር እግሩን ይረሳዋል፣ እግሩም ይሄዳል። በዘጠነኛው ሳምንት ክራንቹን ጥሎ ወጣ። የእኛ ክፍሎች ግድግዳ ያሳፍራል ብሎ ቅዳሜ መጥቶ በገዛ እጁ ቢጫ ቀባልን። ሁሉም እንደ እሱ አይድንም፣ አልዋሽሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትመላለስ፣ እጇ አሁንም ያልተፈታላት ሴት አለችን። ግን እሷም "ውሸታም" የሚለኝ ከሌለ እጠብቃለሁ ትላለች።

የመመረቂያ ጽሑፌም በዚሁ ነገር ላይ ነው። በሽተኛው ጤነኛነቱን በራሱ እጅ ሲዳስስ መዳኑ ይፈጥናል ወይ የሚል። ባለፈው ወር ፈታኞች ፊት አቀረብኩ። አንደኛው ፈታኝ "ይኼን ርእስ ለምን መረጥሽ?" ሲለኝ፣ "ቤት ውስጥ የጀመርኩት ሥራ ነው" አልኩ። አለፍኩ፣ እትዬ። በጥሩ ውጤት።

ለአባባም በስልክ አስረድቻቸዋለሁ። ስለ ቀለም ቀቢው ነበር የነገርኳቸው፤ ስምሽን አላነሣሁም። ከዚያ፣ "እሷ እውነቷን ነበራ" አሉኝ። "እነግራታለሁ" ስላቸው፣ "ተዪ፣ እኔ ራሴ ነው የምነግራት" አሉ። ይኼ ደብዳቤ ቀድሟቸው ከደረሰ አታሳፍሪያቸው። ትንሽ ታገሻቸው፤ ቃል እየፈለጉ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ቀስ በሉ ለበሽተኛ "የታመምሽው በዚህ ምክንያት ነው" ብለን እንዳንናገር አጥብቀው ይከለክሉናል። የሰው ሕይወት እንደዚያ በአንድ ክር አይመዘዝም ይላሉ። ስለዚህ ምንም አልልሽም። የማስታውሰውን ብቻ ልጻፍልሽ። ልትሄጂ አንድ ቀን ሲቀርሽ ሻንጣሽ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግርሽን በሁለት እጄ አቅፌ አልለቅም አልኩ። "እማዬም ሄደች፣ አንቺም ልትሄጂ ነው" አልኩሽ። ድስቱን ልታወርጂ ስትነሺ እንኳ አልለቀቅሁሽም፤ ወለሉን እየጠረግሁ አብሬሽ ተጎተትኩ። መጀመሪያ ሳቅሽ። ኋላ ግን መሳቅ አቆምሽ። የትኛውን እግርሽን ይዤ እንደነበር አላስታውስም። አንቺ ታስታውሺ ይሆናል። ስንገናኝ ከፈለግሽ ትነግሪኛለሽ፣ ካልፈለግሽም ይቅር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከመንገድሽ በፊት እዚህ መጥተሽ ቀስ በሉ እንዲያዩሽ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ቀኑን በስልክ እነግርሻለሁ። እስከዚያው እግርሽ ሲከብድ አትመልከቺው፣ አትለማመጪውም። ሰው አናግሪ፣ ወይም እንጉርጉሮ ጀምሪ። እሱም ካልሆነ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሂጂ። አባባ "ምን ነካት?" ቢሉ ከእኔ የተላከ መድኃኒት ነው በያቸው።

ለማኅበሩም "እሄዳለሁ" ብለሽ ንገሪያቸው። ትምህርቴን ስለጨረስኩ ቤት መጥቼ ከአባባ ጋር እቀመጣለሁ። ስድስት ወሩም አሥር ወር ቢሆን ግድ የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው እኮ፣ እትዬ። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሰው እንኳ አክማለሁ። ባዶ ቤት አልፈራም። በመሄጃሽ ቀን አውቶቡሱ ድረስ እሸኝሻለሁ። አላለቅስም። ባለቅስም አንቺ ሂጂ።

እጆችሽ ይባረኩ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ የምታስተምሪያቸው ሁሉ እንደ እኔ ይውደዱሽ። አባባን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ያሳደግሽኝ፣
ታናሽሽ