አንደኛ ብዬ የነካሁት ኮከብ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ? ሹፌር መጀመሪያ የሚያረጀው ከወገቡ ነው፤ እኔን እያየህ አልተማርክም እንጂ ትንሽ ትራስ ከጀርባህ አድርግ ብዬህ ነበር። እናትህስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አክስትህም ደህና ናት። ወንድሜን አስታምማለሁ ብላ ለኔ የምታቀርበውን ሁሉ አብራኝ እየበላች እሷ ራሷ ወፍራለች። ይህን አትንገርብኝ እንዳልልህ ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልህ እሷ ናት፤ ማንበቧ አይቀርም። እንግዲህ አንብቢው እህቴ፣ እውነት ነው።

ፊደሉ እንዲህ የገዘፈው እንደ ልጅነቴ ስለምጽፍ አይደለም። የቀኝ ዓይኔ ገና እንደታሸገ ነው፤ የግራው ደግሞ እንደምታውቀው ድሮም ሰነፍ ነው። መስመር ከሳትኩ እለፈኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ታክሲ ስነዳ መንገድ ስቼ አላውቅም፤ በስተርጅና መስመር ብስት አይፈረድብኝም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነኝ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትልና ትዘጋዋለህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ላይ ነህ። እውነቱን ልንገርህና እኔም አኩርፌህ ነበር። ያኮረፍኩበትን ምክንያት ስትሰማ ወይ ትስቃለህ ወይ ትናደዳለህ፤ ሁለቱንም እችለዋለሁ።

ለዓይኔ ሕክምና አክስትህ ጋ ልመጣ ስል ወደ አየር ማረፊያ የወሰድከኝን ጠዋት አስታውስ። "በአፑ ጥራኝ አባዬ፣ እኔ አጠገብህ ስለሆንኩ ለኔ ነው የሚደርሰኝ፤ በዚያውም እዚያ ስትሄድ እንዳትቸገር ትለማመዳለህ" ብለህ በስልኬ ላይ ጫንክልኝ። እኔ እንግዲህ ያንን አፕ ምን ስለው እንደኖርኩ ታውቃለህ። ስልክ የሚያዘው ሹፌር ሹፌር አይደለም፣ የስልክ ተላላኪ ነው እል ነበር። በመንገዱም ሁሉ አላረፍኩልህም። ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን አታብዛ፣ ካርታውን ተወውና በጀርባ በኩል ግባ፣ ያ ሚኒባስ ይወጣብሃል ተጠንቀቅ። አንተ መንገድህን ነዳህ። ሻንጣዬን አውርደህ ስታበቃ ግን ፊቴን ሳታይ "አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ጎበዝ ብትለኝ ምን ትሆናለህ?" አልከኝ።

እኔም እንደ ልማዴ "በል ሂድ፣ ፖሊስ መጣ" ብዬ ገባሁ።

መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ጎበዝ ነህ እኮ። ያን ሁሉ ስናገር አንዴ እንኳን አላናጋኸኝም፤ ጉድጓዱን ሁሉ ከኔ ቀድመህ ነበር የምታየው። አባቴ ለኔ ብሎኝ የማያውቀውን ቃል እኔ ከየት አምጥቼ ልበልህ? ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። "ጉዞዎ እንዴት ነበር?" ይላል፤ ከሥሩ አምስት ኮከብ ተደርድሯል። እግዜር መልስ መስጫ ላከልኝ አልኩና የመጀመሪያውን ነካሁ። አንደኛ ማለቴ ነው። በኛ ቤት አንድ ምን እንደሆነ አንተ አታጣውም፤ አምስተኛ የወጣህበትን ሰርተፍኬት ይዘህ የመጣህ ዕለት ያደረግኩህን አልረሳሁም። ተሳፈሩ ሲባል ስልኩን ኪሴ ከትቼ በቀለለ ልብ ሄድኩ። በሰማይ ላይ ሆኜ "አሁን አይቶት ይሆናል" እያልኩ ለብቻዬ ፈገግ ስል አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምን ሆነ ብሎ ያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ኮከቡ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ነገር ሰጥቼው አመሰግናለሁ እንኳን አይልም ብዬ አኮረፍኩህ። እናትህ ደውላ "ልጁን ምን አድርገኸው ነው የሄድከው?" ስትለኝ "ምን አደረግኩት? አመሰገንኩት እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

እዚህ አክስትህ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ስለሆነች ወደ ዓይን ሕክምናው የምመላለሰው በስልክ በሚጠራ መኪና ነው። የዚህን አገር አፕ ጫነችልኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ነበርኩ። ካርታው ላይ መኪናዋ እንደ ጉንዳን ስትሳብ አይና ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቅ፣ ለካ እውነተኛዋ መኪና ፊቴ ቆማ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ታርጋ ማየት ስላቃተኝ ነጭ መኪና ባየሁ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፤ አንዴ የሰው የቤት መኪና ከፍቼ ከአንዲት እናትና ከሁለት ልጆቿ ጋር ተፋጥጫለሁ። ከሹፌሩ ጎን እቀመጣለሁ፤ ከኋላ ገብቼ እንደ ሹመኛ መጎለት ነውር መስሎ ይታየኛል። በሩን ደግሞ አታንሳው። የኔዋ መኪና በሯ ካልተወረወረ እንደማይዘጋ ታውቃለህ፤ እጄ ለምዶ እዚህም ወረወርኩት። አንዱ ሹፌር ወርዶ በሩን ዳብሶ፣ እኔን አይቶ፣ እንደገና በሩን ዳበሰ።

ግን ሹፌሮቹ ደጎች ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚሰደበውን፣ ሰላምታ የሚነፈገውን የሹፌር ኑሮ ከጎን ሆኜ አየሁት። ዘገየህ ብሎ ጥሎኝ የሚሄድ የለም፤ የታመመ ሽማግሌ መሆኔን ሲያዩ ቀስ ይላሉ። ስለዚህ የደጉን ሁሉ አንደኛውን ኮከብ እየነካሁ አመሰግናለሁ። ከኮከቡ ቀጥሎ በማላውቀው ቋንቋ ዝርዝር ይመጣል፤ እዚያም የመጀመሪያውን እነካለሁ። አንዱ ብቻ ሲጋራውን እያጨሰ፣ መንገዱን ሁሉ በስልክ እየተጨቃጨቀ ወሰደኝ። እሱን አምስተኛውን ነክቼ ውራ አደረግኩት። አንጀቴ ራሰ።

ባለፈው እሑድ አክስትህ ስልኬን ተቀብላ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። "ወንድምዓለም፣ ማነው እንዲህ ያደረገህ? ለምን አልነገርከኝም?" አለች። ኩባንያው አስራ አንድ መልእክት ልኮልኛል፤ ሁሉም "ስለደረሰብዎ መጥፎ ጉዞ ይቅርታ እንጠይቃለን" ይላል። ማንም ምንም አላደረገኝም፣ ሁሉንም አንደኛ ብያቸዋለሁ አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበሩን ይዛ ሳቀች፤ ሳቀችና እንባዋን ጠርጋ "ይሄ እኮ ደረጃ አይደለም፣ ማርክ ነው! ከአምስት አንድ ነው የሰጠሃቸው!" አለችኝ። በየጊዜው የምነካው የዝርዝሩ መጀመሪያም "አደገኛ አነዳድ" የሚል ነው። ያ ሲጋራ አጫሽ ግን በኔ ዘንድ የአገሩ ምርጥ ሹፌር ሆኖ ተመዝግቧል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እኔን ነበር የሚያውቀው።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አስራ አንዱን በጣቴ እየቆጠርኩ ስስቅ ቆይቼ፣ ከአስራ አንዱ በፊት ሌላ አንድ እንዳለ ትዝ አለኝ። ልጄ፣ ሳቄ እንደተከፈተ አፌ ላይ ቀረ። አክስትህ "ምን ሆንክ፣ ዓይንህን አመመህ?" አለችኝ። ዓይኔን አላመመኝም።

እናትህ ጋ ወዲያው ደወልኩ። ኮከብህ ወርዶ ለሳምንታት ደህና ጥሪ እንዳልደረሰህ ነገረችኝ። ማን እንዳደረገው ስጠይቃት "አንድ ተሳፋሪ ነው ብሎኛል፣ ሌላ አልነገረኝም" አለች። ያን ጠዋት ከኔ ሌላ ሰው አልጫንክም፤ ማን እንደሆነ አውቀሃል። ለእናትህ እንኳን ስሜን አልጠራህም። ስድብ ብትልክልኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስትህ ቁጭ ብላ ለዚህ አገሩ ኩባንያ ጻፈች፤ ወንድሜ ሞኝ ነው አይነት ነገር ሳይሆን አይቀርም የጻፈችው፣ ባይገባኝም አንዳንዴ ትስቅ ነበር። የአስራ አንዱን አስተካከሉት። ወደ ሀገር ቤቱ ኩባንያ ስትደውል ግን ሁለት ሳምንት ካለፈው አይነካም አሉ። ለመንኳቸው፤ ሲስተሙ አይፈቅድም አሉ። ስለዚህ ያንተን የሚያስተካክለው ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ከአስራ አንዱ መካከል አንዲት ጎልማሳ ሴት ሹፌር ነበረች። ዓይኔ በተሠራ ዕለት ክንዴን ይዛ አራቱን ደረጃ እስከ በሩ ያወጣችኝ እሷ ናት። እሷን ደግሞ አብልጬ ለማመስገን "አደገኛ አነዳድ" የሚለውን ሁለቴ ነክቼላታለሁ። ማክሰኞ ለምርመራ መኪና ስጠራ እሷው ደረሰችኝ። ስሜ ከነፎቶዬ ይታያታል፤ ልትሰርዘኝ ትችል ነበር፣ ግን መጣች። ገና ሳልቀመጥ ለአክስትህ ደወልኩና ድምፁን ለቅቄ አስተረጎምኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርናት፤ ሰርተፍኬቱን ሳይቀር። መሪዋን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ አክስትህ ተረጎመችልኝ።

ሴትዮዋ ያለችው ይህ ነው፦ የኮከቡ መውረድ አልከበደኝም፤ ሥራው ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። የከበደኝ እርስዎን ወድጄዎት ስለነበር ነው፤ እኚህን ሽማግሌ ምን አጠፋሁባቸው እያልኩ ቀኑን ሙሉ መንገዱን መልሼ መላልሼ አሰብኩት፤ የቱ ጋ ነው ያሳመምኳቸው እያልኩ።

እሷ አንድ ቀን ነው ያሰበችው፣ ደግሞም ለማታውቀው ሰው። አንተ ሦስት ሳምንት።

ልጄ፣ የቱም ጋ አላሳመምከኝም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ባለመናገሬ የቀረብኝ ከደጃዝማችነት ይበልጣል። ጎበዝ ነህ። እኔ በዕድሜህ ሳለሁ እንዳንተ አልነዳም ነበር፤ ይህን ጓደኞቼ ዘንድ ካወራኸው ግን እክዳለሁ። ያን ጠዋት ስጨቀጭቅህ የነበረው አነዳድህ ከፍቶ አይደለም። ሐኪሙ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሹፌር ደግሞ እጁ መሪ ሲያጣ ምላሱን ይነዳል።

ሐኪሙ ዓይንህ ተርፏል ብሎኛል። ለማንበብም፣ ደረጃ ለመውረድም፣ የልጅ ልጅ ለማየትም ይበቃሃል አለኝ፤ የመጨረሻውን አንተ አስብበት። ስለ መንዳትም ጠይቄው ነበር። እሱን ስመጣ እነግርሃለሁ።

በሚመጣው ወር አጋማሽ፣ ጠዋት ላይ እደርሳለሁ። ቀኑን አክስትህ ትጽፍልሃለች። መውጫው አካባቢ ጠጋ ብለህ ቁም፤ እንደ ማንኛውም ሰው በአፑ እጠራሃለሁ። ከጎንህ እቀመጥና አፌን እይዛለሁ፤ እስከ አደባባዩ ድረስ ቃሌ ነው፣ ከአደባባዩ ወዲያ ግን አልምልም። በሩንም በቀስታ እዘጋለሁ፤ እዚህ ተምሬያለሁ። ከወረድኩ በኋላ ስልኩ ሲጠይቀኝ ምን እንደምነካ አሁን አውቃለሁ። ግን አንተ እያየኸኝ፣ በአፌም ጭምር ነው የምለው።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግርህ። የኔዋ መኪና ቆማ ከረመች፤ ባትሪዋ ይሞታል። ቁልፉ ቁም ሣጥን ውስጥ በአሮጌው ኮቴ ኪስ ነው። እያስነሳህ ትንሽ ትንሽ ንዳት፤ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ እንደምታስቸግር አትርሳ። መንጃ ፈቃድ ያወጣህ ሰሞን ወንበሯን አንድ ጣት ገፋህ ብዬ ሁለት ቀን ያላናገርኩህን አውቃለሁ። አሁን ወደ ኋላ ግፋው፤ ያንተ እግር ከኔ ይረዝማል። መልሰህ ወደ ቦታው ማድረግ አያስፈልግም።

እናትህን ሳምልኝ፤ በስልክ ስለጮህኩባት ይቅርታዬን ይዤ እመጣለሁ በላት። አንተን ግራ ቀኝህን ይጠብቅልህ፤ ከሰካራምና ከእንቅልፋም ሹፌር ይሰውርህ፤ የምትጭነው ሰው ሁሉ ሰላምታ የሚያውቅ ይሁንልህ። እደግ፣ ተመንደግ።

ተሳፋሪህ፣
አባትህ