በነፋስ የጸዳ ሽቦ

ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ብድግ ብላ ትሄዳለች ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዘች ነው? መድኃኒትሽን ዋጪ ስትያት እንደምትቆጣሽ አውቃለሁ። ከተቆጣች ደህና ነች ማለት ነውና ደስ ይበልሽ። እኔም ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በውሃ ሰበብ ከጎረቤት ጋር እጣላለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ለአንቺ ምን ያስዋሸኛል? ጎድሎኛል እንጂ። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ የምጽፍ ሴት ሆኛለሁ።

ስልክሽን ብደውል ብደውል አታነሺም። በመጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። ኋላ እማዬ በራሷ ስልክ ስታናግረኝ ከጀርባዋ ድምፅሽን ሰማሁት፤ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባባታል ትያለሽ። እሰይ፣ ድምፅሽ አልተዘጋም! ለእኔ ብቻ ነው የተዘጋው። እሺ ይሁን። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋምና ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ። ለእማዬ ግን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንዳታነቢላት።

ወሬው ሳይደርስሽ አልቀረም። ከአውሮፕላን ጥገናው ሃንጋር አስወጥተውኛል። መታወቂያዬን ተቀበሉኝና እስከ ሐሙስ ጠዋት ቤትሽ አስቢበት አሉኝ። አስወጪዬ ያው አለቃችን አቶ ደርሷል ነው። ስሙን ያወጣሽለት አንቺው ነሽ፤ ሰዓቱ ደርሷል ሳይል ምሳውን እንኳ የማይጎርስ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎታችን ይደውላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፤ ይቅርታ ጠይቂና ሥራሽ ግቢ። ይቅርታ ማንን? ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

ያ የእናንተ ክፍል አዲስ ወንበርና አዲስ ስክሪን የገጠመለት ትልቁ አውሮፕላን ከሃንጋር ሊወጣ የቀረው የእኔ ፍተሻ ብቻ ነበር። ያው የሽቦውን ነገር አይቼ መፈረም። አንቺ እማዬ ጋ በሄድሽ በማግስቱ ነው። መሀል አካባቢ አንድ የወለል ክዳን አነሳሁ። ከወለል በታች ያለው ነገር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። መንገደኛው ለዓመታት ከልብሱ፣ ከብርድ ልብሱ፣ ከምንጣፉ የሚያራግፈው ብናኝ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። በአንድ ላይ የታሰሩት ሽቦዎች፣ እናንተ ነዶ የምትሏቸው፣ ሁሌም ግራጫ ጸጉር አብቅለው ነው የምናገኛቸው። ያን ቀን ግን ነዶው ያብረቀርቃል። ሌላ ሰው ቢያየው እጅሽ ይባረክ ይላል። እኔ ክው አልኩ።

ቫኪዩም እኮ እንደዚያ አያጸዳም። ከላይ ከላይ ይስባል፣ ጥጋ ጥጉን ይተዋል። ይሄኛው ብሩሽ የማይገባበት ስንጥቅ ሁሉ ጸድቷል። እጄን ከነዶው ሥር ስሰድ ግን፣ ማሰሪያው ጋ፣ ብናኙ ተጠቅጥቆ ድርቅ ብሏል። ነፋስ ነው የጠቀጠቀው። ሰው ኮምፕሬሰር ይዞ ነፍቶታል። እየዳበስኩ ስሄድ አንድ ነገር ጣቴን ወጋኝ። ሳወጣው ጥምዝምዝ ያለች የብረት ፍቅፋቂ፤ ከድሪል የወጣች፣ አዲስ፣ ገና የምታበራ።

ድሪል ከመነሳቱ በፊት ነዶው በሸራ ይሸፈናል። ሥራው ሲያልቅ በቫኪዩም ይሳባል። በኮምፕሬሰር አይነፋም፣ አለቀ! ለምን እንደማይነፋ ሃንጋር ውስጥ መጥረጊያ የሚይዝ ሰው እንኳ ያውቃል። ነፋስ ፍቅፋቂውን አያወጣውም፤ በሽቦና በሽቦ መሀል ይሸጉጠዋል። ከላይ ሲታይ ንጹህ። ከዚያ አውሮፕላኑ በተነሳ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ፍቅፋቂዋም የሽቦውን ልባስ ትገዘግዛለች፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ልባሱ ያለቀ ቀን ሽቦ ከሽቦ ይነካካና ብልጭ ይላል። አጠገቡ ያ የተጠቀጠቀ ደረቅ ብናኝ አለ። ከላይ ደግሞ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ልጁን ታቅፎ ተኝቷል። እሳቱ ከእግሩ ሥር ነው፤ አያየውም፣ ቢያየውም አይደርስበትም። እንዲህ እያልኩ የምጽፍልሽ የማታውቂው ሆኖ አይደለም። አንዴ ከአፌ ወጥቶ ወረቀት ላይ ይቀመጥ ብዬ ነው።

አቶ ደርሷልን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የጸዳ ወለል አይቼ አላውቅም፣ ሰው በቆሻሻ ያለቅሳል አንቺ በንጽህና ታለቅሻለሽ እንዴ አለኝ። ፍቅፋቂዋን አሳየሁት። ከመዳፌ አነሳና ኪሱ ከተታት። በይ ወጣች፣ አሁን ፈርሚ አለኝ። ወይ ጉድ! አንዷ ስለወጣች እህቶቿ አብረው ወጡ? ሰውዬው ኪሱን መታ መታ አድርጎ፣ ሰዓቱ ደርሷል ብሎ እስክሪብቶ ሲዘረጋልኝ ደሜ ፈላ። እምቢ አልኩ። ቀስ ብዬ አይደለም ያልኩት፤ ሞተር ክፍል ድረስ ተሰምቷል። ሄጄ አይንቀሳቀስ የሚለውን ቀዩን መለያ አውሮፕላኑ በር ላይ አሰርኩት።

ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ ጫማውን ያያል፣ ግማሹ ጣሪያውን። ዋና መሐንዲሷ ተጠርታ መጣች። ሴትዮዋን ልሰድብልሽ አልችልም፣ በደንብ ነው የሰማችኝ። ተንበርክካ በባትሪ አየች፣ በእጇ ዳበሰች፣ ብናኙን በጣቷ አፍርሳ አሸተተችው። ከዚያ ጥርጣሬሽ ልክ ነው አለችኝ። ግን ነዶው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ነው የሚሄደው አለች፤ ሁሉንም ልፍታው ብል ደህናውን ሽቦ እያጣመምኩ ሌላ ጉዳት አመጣለሁ። ወንበሮቹ አብዛኞቹ በደንቡ፣ በሸራ ተሸፍኖ ነው የተገጠሙት። ያለ ሸራ የተበሳውና የተነፋው የቱ ጋ እንደሆነ የሠራው ሰው መጥቶ በጣቱ ያሳየኝ፣ እዚያን ከፍቼ አንድ በአንድ አጸዳዋለሁ፤ የሚያሳየኝ ካጣሁ ግን አንቺ ያገኘሽበትን ቦታ አጽድቼ፣ ሌላው በዓይን ሲታይ ንጹህ ስለሆነ፣ ሐሙስ ጠዋት እለቀዋለሁ አለች። ይበልጥ ያንጨረጨረኝ ልክ መሆኗ ነው።

ደርሷል የወንበር ክፍል ሠራተኞችን አሰልፎ ጠየቀ። ሁሉም በቫኪዩም ነው የጸዳው አሉ። ያልነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ፈቃድ ላይ ነች ተባለ፣ ታለፈ። ከዚያ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለና አንቺ የሆነ ነገር ታውቂያለሽ አለኝ። አላውቅም አላልኩትም። እስከ ሐሙስ አልናገርም አልኩት። ወይ ፈርሚ፣ ወይ ስም ጥሪ፣ ወይ ውጪ አለኝ። ወጣሁ። ቀዩን መለያ ግን ሳልፈታ ነው የወጣሁት፣ መሐንዲሷም እስከ ሐሙስ እንዳይነካ ብላለች። ደርሷል ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር እያየው እንደሚቃጠል ሳስብ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል።

እታለም፣ አንቺ ከመሄድሽ በፊት ከሥራ የገባሽበትን አመሻሽ አስታወስሽው? ቅንድብሽ ሸብቶ ነበር የመጣሽው። በአንድ ቀን አረጀሽብኝ ብዬ ሳቅሁብሽ። በረንዳ ላይ አስቀምጬ ጸጉርሽን በፎጣ አራገፍኩልሽ፤ ግራጫ ብናኝ፣ የብርድ ልብስ ክር፣ ከጆሮሽ ውስጥ ሳይቀር። ምን ነካሽ ስልሽ ድክም ብሎኛል አልሽ። ምግብ አቀረብኩልሽ፣ አልነካሽውም። በማግስቱ የእማዬ ጉልበት ብሶባታል ብለሽ ሻንጣሽን አነሳሽ። የእማዬ ጉልበት እኮ ሲያማት ዓመት አልፎታል። ቫኪዩም አቧራ ይውጣል እንጂ ሰው ፊት ላይ አይበትንም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያ ኮምፕሬሰር የያዘ ሰው ምን ሆኖ እንደያዘው ይገባኛል። እዚያ አልነበርኩም፤ ግን ደርሷልን አውቀዋለሁ። ቫኪዩሙ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሌላ እስኪመጣ እንጠብቅ ሲባል እሱ አናት ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ ሸራ ስታለብሱ ስታወልቁ ሊነጋባችሁ ነው እንዴ፣ ንፉትና ዝጉት ብሎ ይሆናል። ሰውም ደክሞት፣ አንዴ ነው ብሎ፣ ነፋ። ይሄ ሁሉ ይገባኛል። ግን ተናድጄበታለሁ እታለም፣ በጣም ነው የተናደድኩበት! ነፋ፣ ይሁን። ነፍቶ ዝም ማለት ምንድን ነው? ክዳኑን ዘግቶ፣ ምንጣፉን አልብሶ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ከተማ ለቆ መሄድ ምንድን ነው? እኔን ሃንጋር ያስገባችኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀለበቴን አስወልቃ፣ ብረት ይዘሽ ሽቦ አጠገብ ባይሽ እጅሽን እቆርጠዋለሁ ያለችኝ እህቴ ብታይ ምን ትለው ይሆን?

ያ ሰው ከሥራው ይባረራል ትይኝ ይሆናል። ይባረር ይሆናል። እኔስ ውጪ አይደለሁም እንዴ? ሁለት ሆነን ብንባረር መንገዱ ይጠበናል? የእኔና የሌላ ሰው እጅ አንድ ላይ ከሆነ ጋራዥም ቢሆን እንከፍታለን፣ የተቃጠለ ምጣድም ቢሆን እንጠግናለን። ረሃብ አልፈራም። ደርሷልንም አልፈራም፤ ለሱ ጩኸት ጩኸት አለኝ። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ያ አውሮፕላን ንጹህ መስሎ፣ አዲስ ወንበሩን ደርድሮ፣ ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ ከላያችን ሲያልፍ፣ እኛ ሁለታችን በረንዳ ላይ ቀና ብለን ልናየው ነው። ከዚያ በኋላ በሰላም እንጀራ የሚበላ ሰው አለ? እኔ አልበላም። አንቺም እንደማትበዪ አውቃለሁ፤ ያን ዕለትም አልበላሽም።

ስለዚህ የቆረጥኩትን ልንገርሽ። ሐሙስ ጠዋት ሃንጋሩ በር ላይ እቆማለሁ። ያ ሰው ከመጣ እኔ ትንፍሽ አልልም። እሱ ገብቶ በገዛ አፉ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ብሎ ያሳያቸው፤ እኔ ከጎኑ እቆማለሁ። አንድ ሰው ቀና ብሎ ክፉ ቢያየው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው፤ ንፋው ያለውን አለቃም ስሙን ጠርተን አብረን እናስነሳዋለን። ያ ሰው ካልመጣ ግን እስከ ሐሙስ ነው ያልኩት፣ ሐሙስ አፌን እከፍታለሁ። የምጠራውን ስም ያወጣችው እማዬ ናት። እስከ ዛሬ በቁጣ ጠርቼው የማላውቀው ስም ነው። እጠራዋለሁ፤ ስጠራውም እየወደድኩት ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን ብታኮርፊኝ ችዬ እኖራለሁ። የሰው ልጆች በላዩ ተቀምጠውበት ዝም ማለቱን ግን አልችለውም፣ እምቢ!

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ጉልበቷን ፈጣሪ ያጽናላት፣ ዕድሜዋን ያርዝምልን። አንቺንም እንቅልፍ ይስጥሽ፤ እንደሌለሽ አውቃለሁ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ። ሁሌም እወድሻለሁ፤ አሁን ተናድጄብሽም እወድሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሰጠሽ ሹፌሩ የአክስታችን ልጅ ረቡዕ ጠዋት አውቶቡሱን ይዞ ይመለሳል። ከጀርባው ያለውን መቀመጫ ለሰው እንዲይዝልኝ አደራ ብዬዋለሁ። ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። መጥታ ራሷ ትነግርሃለች አልኩት።

ካንቺ ቀጥላ የተወለደችው፣
እህትሽ