ድምፅህ የሌለበት ክፍል ሁለት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህን ልጠይቅ ብዕር አነሣሁ። ያመመህን አውቃለሁ፤ የማላውቀው ያለህበትን ነው። ጎረቤታችን የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ከሐይቁ ማዶ ባለ እንጨት መሰንጠቂያ ደጃፍ ላይ «አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው አየሁ፤ ብጠራው ዞር ብሎ አይቶኝ ወደ ውስጥ ገባ» ብሎኛል። አንተ ነህ። በዚህ ሙቀት ሻርፕ የሚያደርግ ሌላ ማን አለ? ሾፌሩ በቅርቡ እንደገና በዚያ ያልፋል፤ ይህንንም ደብዳቤ ይዞልኝ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ልንገርህ። እማዬ እንዴት እንደሆነች፣ ልጅህ እንዴት እንደሆነች ብነግርህ ይሻል ነበር፤ ግን አውቅሃለሁ። ፊልሙን ሳትሰማ ሌላው አይገባህም።

«የንጋት ዘብ» ክፍል ሁለት ወጥቷል።

ክፍል አንድ የወጣ ጊዜ ከተማው እንዴት እንደሆነ ትዝ ይልሃል? ፊልሙ ወደ አማርኛ የተመለሰ የባሕር ማዶ ነው፤ ፊቱም ጡንቻውም የሌላ ሰው ነው። ሰው የወደደው ግን ድምፁን ነው፤ ድምፁ ደግሞ ያንተ ነበር። «ከኋላዬ ቁሙ» የማይል ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። የታክሲ ረዳት እንኳ ተሳፋሪ ሲጋፋው ደረቱን ነፍቶ ባንተ አነጋገር «ከኋላዬ ቁሙ» ይል ነበር። ለእኛ ግን የንጋት ዘብ ማለት ከስቱዲዮ ደክሞት መጥቶ፣ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ «እባክሽ ሻይ በማር» እያለ የሚለማመጠኝ ሰው ነበር።

ከዚያ ድምፅህ ጎረነነ። ለሥራህ ይበጃል ብለን ሳቅንበት። ሐኪሙ እማዬን አስቀምጦ፣ «እናቴ፣ ወይ ድምፁን እናወጣለን፣ ወይ እሱን ታጡታላችሁ» ሲላት ነው ሳቁ የቆመው። «ድምፁን ውሰዱት፤ ልጄን ስጡኝ» አለች። አሁን ሁለቱም የሉም።

የሄድክበትን ምክንያት አልነገርከንም፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅህ ጉንጬ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሐኪሞቹ ለመናገሪያ የሰጡህን ያን ማሽን ጉሮሮህ ላይ ደግፈህ «ጉንጬ፣ ነይ» አልካት። እንደ ንብ የሚዝዝ፣ ከሰው የማይወጣ ድምፅ ነበር። ቦርሳዋን ጥላ አልጋ ሥር ገባች። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለህ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥከው። በሳምንቱ ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው ወጣህ፤ አልተመለስክም።

እናቷ በሕፃንነቷ ካረፈች ወዲህ ያ ልጅ ካንተ በቀር ማን አላት? «አባዬ የት ሄደ?» ስትል እማዬ ጨነቃት። «ለክፍል ሁለት ሥራ ሄዷል» አለቻት። አትቆጣት፤ ምን ትበላት? ጉንጬ ደግሞ ቃሉን እንደ ወርቅ ያዘችው። ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አወራች። ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ፖስተሩ የተሰቀለ ቀን ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አባዬ ጨረሰ ማለት ነው» አለች።

እኔ እውነቱን አውቅ ነበር። የስቱዲዮው ዳይሬክተር የምሠራበት ፀጉር ቤት ድረስ መጥቶ ባንተ ቦታ አዲስ ልጅ እንዳስገቡ ነግሮኛል። ደንበኛዬን እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋ እንደያዘ ቆምኩለት። «እህቴ፣ ብንጠብቀው ደስ ባለን» አለኝ፤ «ግን ምን ብለን እንጠብቀዋለን?» ስለዚህ ጉንጬን ሲኒማ ላለመውሰድ ያልፈለግኩት ሰበብ የለም። አመመኝ አልኩ፤ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በመጨረሻ እማዬ ናት፣ «ውሰጃት ልጄ። እኔ ያሰርኩትን አንቺ ፍቺው» ያለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። መብራቱ ጠፍቶ የንጋት ዘብ ጀርባውን ሰጥቶ ጣሪያ ላይ ሲታይ ፉጨቱና ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁራል። ጉንጬ እጄን ጨብጣ ወደ ፊት ተስባ ተቀመጠች። ከዚያ ሰውየው ፊቱን አዞረና ተናገረ።

ክፉ ድምፅ አይደለም። አዲሱ ልጅ ቃሉን አይውጥም፤ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። አዳራሹ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ የማያውቀው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዳገኘ አባወራ ዝም አለ። ከወደ ጥግ አንዱ፣ «ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ኧረ ራሱ አልመጣም፣ ታናሹን ነው የላከው» አለ። ይበልጥ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ ወረደ። ጉንጬ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አክስቴ፣ አባዬ መቼ ነው የሚናገረው?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር ጉንጬ አንገቷን ታሰግጋለች፤ በዘጋ ቁጥር ወንበሯ ውስጥ ትሰምጣለች።

አልዋሽህም፤ ብዙም ሳይቆይ ሰው ረሳህ። ሕንፃ ሲደረመስ ጮኹ፣ ፍርስራሹ ውስጥ የተቀበረው ውሻ ሲወጣ አጨበጨቡ፣ ፈንዲሻቸውን በሉ። የሳቁብህ ጊዜ ይሻለኝ ነበር። ሲስቁ ቢያንስ አንተን እየፈለጉህ ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰው ለካ እንዲህ በቀላሉ ይተካል አልኩ፤ ተነሥቼ መጮህ ቃጣኝ።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። ድልድዩ እየተሰነጠቀ ነው፤ ልጆች የጫነ አውቶቡስ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። የንጋት ዘብ በልጆቹና በገደሉ መሀል ሲቆም ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው አልነበረም። አዲሱ ልጅ አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በሙሉ ቀደመው። «ከኋላዬ ቁሙ» አሉ፤ አንተ እንደምትለው፣ መሀሉን ሳብ፣ መጨረሻውን ዝቅ አድርገው። ከፊቴ የተቀመጡት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ አሉት። የአዲሱ ልጅ ድምፅ አልተሰማም። ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በስልኬ ያስቀረሁትን ድምፅህን እንኳ ደፍሬ ሰምቼው አላውቅም፤ እዚያ ግን ከማላውቀው ሰው ሁሉ ደረት ሲወጣ ሰማሁህ።

ጉንጬ ወንበሯ ላይ ቆመች። ስክሪኑን ትታ ወደ ኋላ ዞረች። በጨለማው ውስጥ የሰዉን ፊት አንድ ባንድ ታያለች። «አባዬ ከኋላ ነው ያለው?» አለች። ከኋላችን ያለችው ሴት «ተቀመጪ እንጂ ማሚ፣ ከለልሽኝ» አለቻት። ጎትቼ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አላየችም፤ እስኪያልቅ አንገቷ ወደ ኋላ እንደተጠመዘዘ ነበር።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ሰው ይከራከራል። አንዷ፣ «አዲሱ ይሻላል፤ የድሮው ሲናገር ያስፈራኝ ነበር» ትላለች። ኮፍያ ያደረገ ወጣት፣ «እንዴት ነው የሚሻለው? የፊተኛው ሲናገር እኮ አባትሽ ሳሎን የገባ ነው የሚመስልሽ» አላት። ሳላስበው እጅጌውን ያዝኩት።

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

«ማን?»

«የፊተኛው።»

ኮፍያውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውይ እህቴ፣ ሞቶ ነው እንዴ?» አለኝ።

አልሞተም ማለት ምን ይከብዳል? ግን የት ነው ቢለኝ? ምን ይሠራል፣ ለምን አይመጣም ቢለኝ? ልጁ ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ወረደ። የጉንጬ እጅ እጄ ውስጥ ነበር፤ ሲላላ ተሰማኝ።

ሰኞ አስተማሪዋ ፀጉር ቤት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። የደንበኛዬን ፀጉር ቀለም እየቀባሁ ነበር። «ሳንሰማ ቀርተን ነው፤ ነፍሱን ይማረው» አለችኝ።

«የማንን?»

«የጉንጬን አባት ነዋ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ተነሥታ ነገረችን። ልጆቹ ሁሉ ቆመው በዝምታ አሰቡት።»

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ደንበኛዬ ቀለሙ ግንባሯ ላይ እየወረደ «ምነው? ምነው?» ትላለች። እንደዚያው ጥያት ወጣሁ።

ጉንጬን ያገኘኋት ያንተ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋህ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ቢያለቅስ ይሻል ነበር የሚባል ልጅ ታውቃለህ? እንደዚያ ናት።

«አባትሽ መሞቱን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ፊልሙ።»

«ፊልሙ ምን አለሽ?»

«አባዬ ቢኖር ሌላ ሰው አይናገርለትም ነበር።»

በሕይወት አለ ብዬ ማልኩላት። በእማዬ ማልኩ፣ በራሴ ማልኩ። ሰማችኝና፣ «እሺ ጥሪው» አለች። ስልኩን አንስቼ ደወልኩልህ፤ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ነው። እሷም ልክ እንዳወቀችው ሁሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ነው፣ ስንት ጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ የፈራሁትን የጠየቅኳት። «ያን ቀን አባትሽን ለምን ፈራሽው?»

«አባዬን አልፈራሁም» አለች ወደ ግድግዳው። «ያ ነገር አባዬን ውጦት ከሆዱ ውስጥ ሆኖ የሚጠራኝ መሰለኝ። እስክታወጡት ድረስ ነው የተደበቅኩት።»

ሰማህ ወንድም ጋሼ? አንተን አይደለም። አልጋ ሥር ሆና ስትጠብቅህ ነበር። አንተ ግን ፊቷን ሳታይ ሄድክ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ደብዳቤውን ሳልዘጋው በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው። ከተባለው ቀን ቀድሞ በዚያ አልፎ፣ ወርዶ ጠይቆልኛል። ቁጭ በል አልኩት፤ እምቢ አለ፤ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆሞ ነው የነገረኝ። የመሰንጠቂያው አለቃ፣ «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ ስሙን ስለማይነግረን ዝምታው እንለው ነበር» ብሎታል። ነበር አለ ወንድም ጋሼ። ፊልሙ እዚያች ትንሽ ከተማ አዳራሽ ሲገባ ከሥራ ጓደኞችህ ጋር ሄደህ አይተሃል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ አዳራሹ ያን ቃል በአንድ ላይ ሲል፣ ሻርፕህን እስከ ዓይንህ ስበህ ተነሥተህ ወጣህ። በማግሥቱ ሥራ አልገባህም። ልብስህም የለም።

ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እኔ የሰማሁትን አንተም ሰምተሃል። እኔን ያጽናናኝ ድምፅ አንተን አባረረህ። የቀበሩህ መሰለህ? ወይስ ንብረትህን ሲካፈሉ ያየህ መሰለህ? ወይስ ወደ እኛ ልትመጣ ወጥተህ መንገድ ላይ ልብህ ከዳህ? ይህን ሳሰላስል እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። አጠገቤ ብትሆን በቡጢ እመታህ ነበር፤ ከዚያ አልለቅህም ነበር።

አሁን ይህ ደብዳቤ አድራሻ የለውም። ስለዚህ የሚከተለውን አደረግኩ። ፊልሙ ገና ብዙ ከተማ ይዞራል። አንተ ደግሞ እየተቃጠልክም ቢሆን ሳታየው አታልፍም። የሲኒማ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ለምኜ፣ ደብዳቤው ተባዝቶ ፊልሙ በየደረሰበት ከፖስተሩ ጎን፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ እንዲለጠፍ ፈቅዶልኛል። የቤታችን ገበና አደባባይ ወጣ በለኝ። እማዬን ጠየቅኳት፤ «ልጄ ከሌለበት ቤት ገበና ምን ይሠራልኛል፣ ለጥፊው» አለች። ተሰልፎ የሚያነብ ሰው ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ አንገቱን የጠቀለለ ሰው ይህን ሲያነብ ካየ አይጥራው፣ አያስደንግጠው። ቀስ ብሎ አጠገቡ ይቁምልኝ።

እማዬ ዓይኗ ደክሟል። ሰው ሲገባ ማን እንደሆነ የምትለየው በኮቴው ነው፤ የእያንዳንዳችንን አረማመድ ታውቃለች። ያንተን ደግሞ በሩ ላይ ሳትደርስ ትለየዋለች። ምንም መናገር የለብህም። ማሽኑን ጣለው፤ ከፈለግክም ይዘኸው ና፤ ጉንጬ ከውስጡ ማን እንዳለ አሁን ታውቃለች። እንደዚያ ብዬ ነግሬያታለሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ እኔ ብነግራት ምን ዋጋ አለው?

ካልመጣህስ? ካልመጣህ ምን እንደምላት አላውቅም። የቀረኝ ቃል የለም።

አሁን እሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምጽፈውን ታያለች። እርሳስ ሰጥቻት፣ «ለአባትሽ አንድ ነገር ጻፊበት» አልኳት። እርሳሱን መለሰችልኝ።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለች።

ቢመጣ አላለችም።

እህትህ